ቢጫው የትኛው ቅጠል ነው?

ኡም ኡዘይና በምዕራብ አማን፣ ከ6ኛው አደባባይ አጠገብ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቤቶቹ በነጭ የኖራ ድንጋይ የተለበጡ ናቸው፤ በየግቢውም ጽጌረዳ ይተከላል። ያ ድንጋይ በግድግዳው ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ አፈሩም ውስጥ፣ ውኃውም ውስጥ አለ። የዚህ ሰፈር ጽጌረዳ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በአማን በቤት ሥራ ከተሰማሩት ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን መካከል ግቢውንም የምታጠጣ ትኖራለች፤ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእሷ ነው።

ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ውኃ ይጨምራል። ከዚያ በፊት ግን ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይታይ። ከታች ያሉት ያረጁት ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ ናይትሮጅኑን ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለቡቃያው ይሰጣልና። ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን የጎደለው ብረት ነው። ብረት አንዴ ከገባበት ቅጠል በቀላሉ ስለማይወጣ፣ እጥረቱ አዲሱ ቅጠል ላይ ይታያል። አፈሩ ውስጥ ብረት ጠፍቶ አይደለም። ኖራ የበዛበት አፈር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በላይ ስለሆነ፣ ብረቱ ሥሩ ሊስበው በማይችል መልክ ታስሮ ይቀራል። በዚህ ላይ ውኃ ሲበዛ አፈሩ አየር ያጣል፣ ሥሩ ይዳከማል፣ ቢጫውም ይብሳል።

መድኃኒቱ የብረት ቼሌት፣ ማለትም ብረቱን አፈሩ እንዳያስረው ይዞ የሚያቆይ ውህድ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያል። ኢዲቲኤ የተባለው ኖራማ አፈር ውስጥ ብረቱን ቶሎ ይለቃል፤ ኢዲዲኤችኤ ግን አጥብቆ ይይዘዋል። ጠቆር ያለ ቀይ ዱቄት ሲሆን፣ በውኃ ተበጥብጦ ሥሩ ላይ ይፈስሳል። ብርሃን ስለሚያበላሸው ቅጠል ላይ መርጨቱ አይጠቅምም። ዋጋው ወደድ ቢልም እኔ ሌላውን ግዙ አልልም።

የቧንቧ ውኃ አማን ውስጥ በፈረቃ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣና ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር ይጠራቀማል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ይለመዳል። እንዲህ ሲሆን ጨው ሥሩ አካባቢ ይከማችና የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ቀን እየዘለሉ አፈሩ በጥልቀት እስኪርስ ማጠጣት ይሻላል።

ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ካልቆየ አይዝም፤ በአማን ደረቅ በጋ ብዙም አያሰጋም። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ግን ውኃ አይጠብቅም፤ ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይበቃዋል። የተጎዳው ጫፍ ተቆርጦ ድኝ ይረጫል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ካለፈ ግን ድኙ ራሱ ቅጠሉን ያቃጥላል።

በሐምሌና በነሐሴ የሚከፋው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጥቦች ይገረጣል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲራገፍ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይታያሉ። የዝዋይ አበባ እርሻ ሠራተኞችም ይህንኑ ተባይ በሚገባ ያውቁታል፤ በኢትዮጵያ ግሪን ሐውሶች ቀይ ሸረሪቱን የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ፍጥረት እየለቀቁ ይከላከሉታል። ለቤት ግቢ በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ በኃይለኛ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም የተባይ ሳሙና መርጨት ይበቃል። ነፍሳት ገዳይ መርዝ ግን ጠላቶቹን ፈጅቶ ሸረሪቱን ያበዛዋል።

ቅጠሉ ላይ ቢጫ የተጠማዘዘ መስመር ከታየ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈው በዋናነት ቅርንጫፍን ከሌላ ግንድ ጋር በማጣበቅ (ግራፍቲንግ) ስለሆነ ለጎረቤቱ ተክል ብዙም አያሰጋም፤ ከታመመው ተክል ቅርንጫፍ ወስዶ ማባዛት ግን አይገባም።