«አንድ ሰው ያሸንፋል»፦ የፍራንክፈርቱ የጥያቄ ውድድርና ከመደምሰስ የተረፉት ቅጂዎች

ትርኢቱ ሊያበቃ ነው። አሸናፊው ተለይቷል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ የተመደበው ሰዓት እንደተለመደው ካለፈ ቆይቷል። በዚህ መሀል አንድ አሽከር ካፖርትና ባርኔጣ ይዞ ብቅ ይላል። አቅራቢውን ካፖርቱን እያለበሰ ስለምሽቱ አቀራረቡ አንድ ሁለት የሽሙጥ ቃል ጣል ያደርግበታል። አቅራቢው ይስቃል፤ አዳራሹም አብሮት ይስቃል። በምዕራብ ጀርመን ብዙ ተመልካች ይህን የመጨረሻ ደቂቃ ሳያይ ቴሌቪዥኑን አይዘጋም ነበር።

አቅራቢው ሐንስ ዮአኺም ኩለንካምፕፍ ይባላሉ፤ ትርኢቱ ደግሞ «አይነር ቪርት ገቪነን»፣ በአማርኛ «አንድ ሰው ያሸንፋል»። አሽከር መስለው የሚወጡት ማርቲን ዬንተ የዝግጅቱ ዋና አዘጋጅ ነበሩ። አለቃው ካፖርት ያዥ ሆኖ መቅረቡ የቀልዱ አንድ አካል ነበር። ውድድሩን ያሰናዳ የነበረው መቀመጫውን ፍራንክፈርት አም ማይን ያደረገው የሄሰን ፌደራዊ ግዛት የሕዝብ ማሠራጫ፣ ሄሲሸር ሩንድፉንክ ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት ለተመልካች የደረሰው ጃንዋሪ 25 ቀን 1964 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ የቃላት ጨዋታ ነበር። የሦስቱ የጀርመንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት «ኤ ቬ ጌ» ተብለው ሲነበቡ ከአውሮፓ ኤኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ማለትም ከዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ፣ የጀርመንኛ ምሕጻረ ቃል ጋር አንድ ይሆናሉ። ተወዳዳሪዎቹም ከስምንት የአውሮፓ አገሮች የተጋበዙ አራት ሴቶችና አራት ወንዶች ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 19 ዓመቱ ነው። ጥቂት ቀደም ብለው በጠላትነት ሲተያዩ የነበሩ አገሮች ልጆች ቅዳሜ ምሽት በአንድ መድረክ ላይ በጀርመንኛ ጥያቄ ሲመልሱና ሲሳሳቱ ማየት ለጀርመን ተመልካች ከጨዋታም በላይ ነበር። ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ዝግጅት «ሽትራሰንፌገር» ይሉታል፤ ጎዳና ጠራጊ እንደማለት ነው። ዝግጅቱ ሲጀመር መንገዱ ጭር ይላልና።

ውድድሩ እስከ 1969 ዘልቆ ተቋረጠ፤ በ1979 ተመልሶ እስከ 1987 ቆየ። ኩለንካምፕፍ በ1998 አረፉ። ዛሬ ከትርኢቱ ከፊሉ በዲቪዲ ታትሞ ይገኛል፤ በ1960ዎቹ ልጅ የነበሩ ጀርመናውያንም ጥቁርና ነጩን ምስል ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሆነው ያዩታል። ይህ ግን ከዚያ ዘመን የጨዋታ ዝግጅቶች ሁሉ የደረሰ ዕድል አይደለም። ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ታይተው፣ ሳቅ አስነሥተው፣ ለዘለዓለም ጠፍተዋል።

ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን በአብዛኛው በቀጥታ የሚሠራጭ ነበር። ካሜራው የሚያየውን ተመልካቹ በዚያው ቅጽበት ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር የለም። ማስቀረት የፈለገ ጣቢያ የነበረው አማራጭ የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን መስተዋት ፊት ደቅኖ ምስሉን ከመስተዋቱ ላይ መቅረጽ ነው። ውጤቱ ብዥ ያለ ነበር፤ ፊልሙና እጥበቱም ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ለሁሉም ዝግጅት አይደረግም።

የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ በ1956 ምስልን በማግኔት ቴፕ የሚቀዳ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ ችግሩ የተፈታ መስሎ ነበር። መሣሪያው 50 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴፕ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ቅጂ 300 ዶላር ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። የቴፑ ትልቁ ጥቅም ተብሎ ይቆጠር የነበረውም አጥፍቶ እንደገና መቅዳት መቻሉ ነው። ለማኅደር የታሰበ ዕቃ አልነበረም። የጣቢያ ኃላፊዎች ዓይን ያየው ወረቀት እንደሚጠፋለት የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ያለ ነገር ነበር። ድራማና ኦፔራ ሊደገሙ ይችላሉና ይቀመጣሉ። የጥያቄ ውድድር ግን መልሱ አንዴ ከታወቀ ማን ዳግመኛ ያየዋል ተባለ። በዚህ ስሌት የጨዋታ ዝግጅቶች ለመደምሰስ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

በአሜሪካ ኤንቢሲ ከ1964 እስከ 1975 ያሠራጨው የመጀመሪያው «ጄፐርዲ» የጥያቄ ውድድር ከ2,700 በላይ ክፍሎች ነበሩት። የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የብሪታንያው ቢቢሲም እስከ 1970ዎቹ መገባደጃ ድረስ ብዙ የመዝናኛ ዝግጅቶችን ደምስሷል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው «ዶክተር ሁ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ዛሬም በርካታ ክፍሎች ይጎድሉታል። የዚህ ድራማ ታሪክ ወደ አፍሪካ ያመጣናል። ቢቢሲ ዋናውን ቴፕ ቢያጠፋም ለውጭ አገር ጣቢያዎች የሸጣቸው የፊልም ቅጂዎች ነበሩ። በ2013 ይፋ እንደተደረገው ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ በጆስ ከተማ፣ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት ተገኝተዋል። ለንደን የጣለችውን ጆስ አስቀምጣ ኖራለች።

ጀርመኖችም የሚቆጩበት ጉድለት አላቸው። ምዕራብ ጀርመን ጁላይ 4 ቀን 1954 በርን ላይ ሀንጋሪን አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ግጥሚያው በቴሌቪዥን በቀጥታ ታይቷል። ሆኖም የዚያ ሥርጭት ሙሉ ቅጂ የለም። ዛሬ እያንዳንዱ ጀርመናዊ የሚያውቀው ድምፅ የሬዲዮ ጋዜጠኛው የሄርበርት ሲመርማን ነው፤ በኋላ ከፊልም ቁርጥራጭ ጋር የተገጣጠመ።

በዶርንቡሽ ያለው ክብ ሕንጻ

በዚህ ረገድ ፍራንክፈርት የተሻለ ዕድል ገጥሟታል። የሄሲሸር ሩንድፉንክ ግቢ በሰሜን ፍራንክፈርት ዶርንቡሽ በተባለው ሠፈር ይገኛል። ግቢው ውስጥ ያለው ክብ ሕንጻ ሲጀመር ለቴሌቪዥንም ለሬዲዮም የታሰበ አልነበረም። በ1949 ፍራንክፈርት የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ ትሆናለች ተብሎ ለምክር ቤት አዳራሽነት የተሠራ ነው። ዋና ከተማነቱን ቦን ስትወስደው ሕንጻው ለማሠራጫው ተረፈ። ለሕግ ክርክር የታነጸው ግቢ ለዘፈንና ለጨዋታ መዋሉ ፍራንክፈርቶችን እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኛቸዋል።

ማርች 3 ቀን 1957 ሁለተኛው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር የተካሄደው በዚሁ ማሠራጫ ትልቅ የቀረጻ አዳራሽ ነበር። አሥር አገሮች ተሳተፉ። ጀርመንን የወከሉት ማርጎት ሂልሸር የስልክ እጀታ ይዘው ዘፈኑ። ያሸነፉት የኔዘርላንድሷ ኮሪ ብሮከን ናቸው፤ የዘፈናቸው ርእስ ሲተረጎም «ልክ እንደዚያን ጊዜ» ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ስዊዘርላንድ፣ ሉጋኖ ላይ ከተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር በምስል የቀረው ጥቂት ነው፤ አሸናፊዋ ዘፈናቸውን ሲደግሙ የሚያሳየው ክፍል ከዚያ ይገኝበታል። የፍራንክፈርቱ ግን በፊልም ተቀድቶ ተርፏል። የዩሮቪዥን ወዳጆች ከዚያ ዘመን ዛሬ ቁጭ ብለው ሊመለከቱት የሚችሉት ቀዳሚው ውድድር እሱ ነው።

በዚያው በፍራንክፈርት በ1952 የጀርመን ማሠራጫዎች የጋራ የድምፅ ማኅደር ተቋቁሟል። ዛሬ የጀርመን ማሠራጫ ማኅደር በሚል ስም በፍራንክፈርትና በፖትስዳም ይሠራል፤ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የቴሌቪዥን ቅርስም በእርሱ እጅ ነው።

ከሳቁ በስተጀርባ

ቅጂ መትረፉ ለምን ይጠቅማል? ለትዝታ ብቻ ቢሆን እንኳ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የጨዋታ ዝግጅቶች ሲሠሩ ያልታሰበ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ ይህን በሚገባ ያሳየው በ2018 የወጣው «የኩለንካምፕፍ ጫማዎች» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። አዘጋጇ ሬጊና ሺሊንግ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ያዩዋቸውን የቅዳሜ ምሽት ትርኢቶች ከማኅደር አውጥተው ደግመው ተመለከቷቸው። ከጦርነት የተመለሰው የአባቶች ትውልድ ሳሎን ተቀምጦ ሲስቅ ምን እየረሳ ነበር? ፊልሙ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ርእሱ የመጣው ከኩለንካምፕፍ የወታደርነት ዘመን ነው። በምሥራቁ ግንባር ውርጭ የመታቸውን አራት የእግር ጣቶቻቸውን በገዛ እጃቸው ቆርጠዋል። ያን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ በዚያ እግር ሲመላለሱ ተመልካቹ የሚያየው ሸጋ ልብስ የለበሰ ጨዋታ ዐዋቂ ነው።

የሌላው ታዋቂ አቅራቢ፣ የሐንስ ሮዘንታል ታሪክ ይበልጥ ይከብዳል። ሮዘንታል በ1925 በርሊን የተወለዱ አይሁዳዊ ሲሆኑ በናዚ ዘመን በከተማይቱ የጓሮ አትክልት ሥፍራ ባለች ጎጆ ተደብቀው ተርፈዋል። ታናሽ ወንድማቸው ተግዞ ተገድሏል። እኚህ ሰው ናቸው ከ1971 እስከ 1986 «ዳሊ ዳሊ» በተባለው የፈጣን መልስ ውድድር ጀርመንን ያሳቁት። ተመልካቹ አንድ መልስ ሲወድላቸው ወደ ላይ ይዘላሉ፤ ምስሉም አየር ላይ እንዳሉ ቀጥ ይላል። ኖቬምበር 9 ቀን 1978 የዋለው ዝግጅት ግን የአይሁድ ምኩራቦች ከተቃጠሉበት ሌሊት 40ኛ ዓመት ጋር ገጠመ። ሮዘንታል ቀኑ እንዲለወጥ ጠየቁ። ጣቢያው፣ ሁለተኛው የጀርመን ቴሌቪዥን፣ አልፈቀደም። ጥቁር ልብስ ለብሰው ቀረቡ፤ የምሽቱም ሙዚቃ ከኦፔራ የተመረጠ ሆነ። የዚያን ምሽት ታሪክ ጣቢያው ራሱ በ2025 ባሳየው «ሮዘንታል» የተሰኘ ፊልም ተርኮታል። ቅጂው ባይኖር ያ ጥቁር ልብስ የሚያውቁት ሰዎች ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

በእኛ ቤት

የፍራንክፈርቱ ውድድር በተጀመረበት በ1964 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥርጭቱን ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስቱዲዮው ያኔ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ነበር። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የልጆች ዝግጅታቸውን የጀመሩትም ከጣቢያው መወለድ ጋር ነው፤ ለ42 ዓመታት አቀረቡት። ሥርጭቱ ቀለም የለበሰው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው።

የጥያቄ ውድድር ለኢትዮጵያዊ ከቴሌቪዥን ጋር የመጣ ነገር አለመሆኑን መጨመር ያስፈልጋል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ያለ ልጅ የመጫወቻውን ሕግ ያውቀዋል፤ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። ሽልማቱ አገር የሆነበት ውድድር ከየትኛውም የቴሌቪዥን መድረክ የላቀ ለጋስ ነው። ዛሬ በኢቢኤስ የሚታየው «የቤተሰብ ጨዋታ» ተወዳጅ የሆነውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ መገማመት ዱሮም የነበረ ነው።

ከአገር ርቆ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የቴሌቪዥን ትዝታ የራሱ መልክ አለው፤ ስሙም ካሴት ነው። ሳተላይትና ዩቲዩብ ከመምጣታቸው በፊት የዓውደ ዓመት ዝግጅቶች፣ ድራማና ጭውውቶች በቪኤችኤስ ካሴት እየተቀዱ በተጓዥ ሻንጣ ይላኩ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ጀምሮ የሚበርባት ፍራንክፈርት የዚህ ጉዞ አንዷ በር ነበረች። አንድ ቴክኒካዊ አጋጣሚም ለጀርመን ነዋሪዎች ረድቷቸዋል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት «ፓል» የተባለው የቀለም ሥርዓት በጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልተር ብሩኽ የተፈለሰፈና ምዕራብ ጀርመን በ1967 ሥራ ላይ ያዋለችው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀዳ ካሴት ፍራንክፈርት ላይ ያለ ችግር ይታያል። ዋሽንግተን ለሚኖር ዘመድ ሲላክ ግን አሜሪካ የምትጠቀምበት ሥርዓት ሌላ ነውና ተለውጦ መቀዳት ነበረበት።

እነዚህ ካሴቶች ዛሬም በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ቢቢሲን ጨምሮ ታላላቅ ጣቢያዎች ራሳቸው የጣሉትን ከግለሰቦች ቤት እየለመኑ መሰብሰባቸውን ስናስብ፣ የአንድ ቤተሰብ ካሴት የአንድ ዝግጅት ብቸኛ ቅጂ ሊሆን መቻሉ የተጋነነ ግምት አይደለም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የቴፑ የማግኔት ዱቄት የተጣበቀበት ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ቴፑ ይጣበቃል ወይም ይሻግታል። ከዚያ የሚብሰው ማጫወቻው መጥፋቱ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ሥራውን አቁሟል። ዩኔስኮ በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በማግኔት ቴፕ ያለ ቅርስ እስከ 2025 ገደማ ወደ ዲጂታል ካልተዛወረ ብዙው እንደሚጠፋ አሳስቦ ነበር። ያ ዓመት ደርሷል።

የተገለበጠውን ለሕዝብ ማቅረብም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የጀርመን የሕዝብ ማሠራጫዎች ማኅበር አ ኤር ዴ በ2020 ከ1966 በፊት የተሠሩ ሥራዎችን በነጻ የሚያሳይ የድረ ገጽ ማኅደር ሲከፍት ያስቀደመው ዜናና ዘገባዎችን ነው። ዘፋኝ፣ ተዋናይና ደራሲ በተሳተፉበት የመዝናኛ ዝግጅት ላይ የመብት ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ፈቃድ ማግኘቱ ይከብዳል።

ካሴት ያላቸው ሰዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ግን ቀላል ነው። ካሴቱን ከሙቀትና ከእርጥበት ማራቅ፣ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ማስቀመጥ፣ በላዩ የዝግጅቱን ስምና የሚታወስ ከሆነ ዓመቱን መጻፍ። የሻገተ ቴፕ ማጫወቻ ውስጥ ከቶ መሞከር አይገባም፤ ሌላውንም ይበክላል። ወደ ዲጂታል የሚያዛውሩ ሱቆች በአብዛኞቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች አሉ፤ ከተዛወረ በኋላም ዋናው ካሴት አይጣልም። ከሁሉ በፊት ግን በካሴቱ ጀርባ፣ በስተግራ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ መስበር ያስፈልጋል። እሷ ካለች ቪዲዮው በላዩ ይቀዳል፤ በዘመን መለወጫ ዝግጅት ላይ የዘመድ ሠርግ የደረቡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።