ፕላዝማው አይጠብቅም

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ የክልል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር፡፡ ክፍል ስገባ የሚጠብቀኝ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አልነበረም፤ ከጎኑ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ስክሪን አለ፡፡ ተማሪውም መምህሩም «ፕላዝማ» ነበር የምንለው፡፡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ ስለ ታብሌትና ስለ ኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ወሬ በተነሳ ቁጥር ያ ስክሪን ፊቴ ይደቀናል፡፡

ለማያስታውስ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ፡፡ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የሳተላይት ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፡፡ ትምህርቱ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ ከአዲስ አበባ ይሰራጭ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም ት/ቤት በአንድ ሰዓት፡፡ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፡፡ በቂ መምህር አልነበረም፤ የገጠሩ ልጅ ከአዲስ አበባው እኩል ይማር ነው የተባለው፡፡ ቤተ ሙከራ በሌለው ት/ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ሲደነቅ አይቻለሁ፡፡ ይህን መካድ ግፍ ነው፡፡

ችግሩ ፕላዝማው አይጠብቅም፡፡ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን የሚወስደው እርሱ ነው፤ ለእኔ መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለል ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ትተርፈኛለች፡፡ ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ታቀርብና ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል፡፡ «ቲቸር፣ ምን አለች?» ይሉኛል፡፡ በአማርኛ ላስረዳ ስጀምር እሷ ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብታለች፡፡ ማቆሚያም መመለሻም የለም፤ ስርጭት ነዋ! መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ዕለት ትምህርት አለፈ ማለት ነው፡፡ (የሚገርመው፣ ተማሪዎቼ ሳይገባቸው የከረመውን ሁሉ የሚጠይቁኝ መብራት በጠፋ ቀን ነበር፡፡)

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፡፡ ፔሩ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተሰኘው ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለተማሪዎቿ አድላለች፡፡ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ላይ ያካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም፡፡ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ላይ አንዳንድ በጎ ለውጥ ታይቷል፡፡ ላፕቶፑ ከልጁ እጅ ደርሷል፤ መምህሩ በየትኛው ትምህርት፣ እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን የሚመራው አላገኘም፡፡

ለተቃራኒው ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ለአሥር ዓመት ገደማ ያካሄደው የበጀትና የሒሳብ አያያዝ ማሻሻያ አለ፡፡ ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ለጉብኝት የሚሆን ስክሪን የለውማ፡፡ እዚያ መጀመሪያ የተለወጠው አሠራሩ ነው፡፡ የሒሳብ መደቦች ተስተካከሉ፣ የበጀት ቅጾች ተለወጡ፣ ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ የሒሳብ አመዘጋገብ ተሸጋገሩ፤ የሒሳብ ሠራተኞችም በዚያው ሠለጠኑ፡፡ «አይቤክስ» የተባለው ሶፍትዌር ይህንን ለማገዝ ነው የመጣው፡፡ በአዲሱ ቅጽ በእጁ መሥራት የቻለ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ሲደርሰው ያንኑ ሥራ በፍጥነት ይሠራል፡፡ መብራት ቢጠፋም ሥራው ምን እንደሆነ ያውቀዋል፡፡ እኔና ጓደኞቼ በፕላዝማው ዘመን ያጣነው ይህንን ነበር፡፡

ባለፈው ዓመት ልጄ የሚማርበት ት/ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ታብሌት ሊያስገባ እንደሆነ ነገረን፡፡ ስለ ዋጋው ክርክር ተነሳ፤ ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነትም ብዙ ተባለ፡፡ እኔ እጄን አውጥቼ፣ «መምህሩ ልጆቹ ሳይገባቸው ሲቀር ትምህርቱን ማቆም ይችላል ወይ? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? መብራት በጠፋ ዕለት በምን ይማራሉ?» ብዬ ጠየቅሁ፡፡ ሰብሳቢው ዝርዝሩ ወደፊት ይገለጻል አሉ፡፡ መምህራኑ ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እስከ ስብሰባው ማብቂያ አንዳቸውም አስተያየት ስጡ አልተባሉም፡፡