30 ሺህ ፓውንዱን የበላው ጠበቃው አይደለም

 

ለንደን ውስጥ በቤት ግዢና ሽያጭ ጉዳይ ላይ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን አንድ የድምፅ መልእክት በየግሩፑ እየዞረ ነው። ተናጋሪው “የ400 ሺህ ፓውንድ ቤት ስንገዛ ጠበቃው 30 ሺህ ፓውንድ ጠየቀን፣ ሶሊሲተሮች ሌቦች ናቸው” ይላል። ይህ ሳይበቃው ምክር ያክልበታል፦ “አገር ቤት ቤት አለኝ አትበሉ። እዚህ አይቆጠርም፣ የሚያጣራም የለም።”

ትናንት ይህንኑ የሰማ ደንበኛ ቢሮዬ መጣ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው ነው። ሰማያዊ ፋይሉን ከፍቶ የዋጋ ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና ጣቱን ከታች ድምሩ ላይ አሳርፎ፣ “እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ለእናንተ ነው?” አለኝ። “አይደለም ጋሼ” አልኩት። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የእኛ 1,450 ፓውንድ ከነቫቱ 1,740 ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው። የምናገረው ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው ግብር አላቸው።

1. የጠበቃው የራሱ ክፍያ። ለተራ ቤት ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ፓውንድ ሲሆን፣ 20 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሆኖ ለተወሰነ ዓመት የሚያዝ) አፓርታማ ከሆነ የሚነበበው ሰነድ ስለሚበዛ ከፍ ይላል። ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ የሆነው ኤስ አር ኤ እያንዳንዱ ቢሮ የዚህን አገልግሎት ዋጋ በግልጽ እንዲያወጣ አስገድዷል። ወደ ቢሮው ከመደወላችሁ በፊት ዌብሳይቱን ተመልከቱ።

2. ጠበቃው ከእናንተ ተቀብሎ ለሌላ የሚከፍለው። ዲስበርስመንት ይባላል። የካውንስል፣ የውሃና ፍሳሽ እንዲሁም የአካባቢ ሰርች (ፍተሻ)፣ የቤትና መሬት መዝገብ ቤቱ የላንድ ሬጂስትሪ መመዝገቢያ፣ የመሳሰሉት ናቸው። የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ ቅጂ ለማውጣት ለምሳሌ 7 ፓውንድ ነው። ከዚህ ላይ ጠበቃው ትርፍ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

3. ስታምፕ ዱቲ። ይህ ግብር ነው፤ የሚሄደው ለመንግሥት ነው። በእኛ እጅ የሚያልፈው ቤቱን በተረከባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ፎርሙ ተሞልቶ መከፈል ስላለበት ነው። ያ ካልሆነ ላንድ ሬጂስትሪ ቤቱን በስማችሁ አይመዘግብም።

ያ ሰው በድምፅ መልእክቱ “ጠበቃው ጠየቀን” ያለው ይህን ነው። ሂሳቡን ልሥራላችሁ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ባለው ተመን፣ የ400 ሺህ ፓውንድ ቤት የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው 5,000 ፓውንድ ያስከፍላል። ከዚህ በፊት ቤት ለነበረው፣ አሁን ግን ሌላ ቤት ለሌለው ሰው 10,000 ነው። ሌላ ቤት በእጁ እያለ ለሚጨምር ሰው ደግሞ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ይታከልና 30,000 ይሆናል። ጭማሪው 3 በመቶ ነበር፤ በኦክቶበር 31 ቀን 2024 ነው 5 የሆነው። አንድ ቤት፣ አንድ ዋጋ፣ ሦስት የተለያየ ግብር። ጠበቃው በሦስቱም የሚያገኘው ያው 1,450 ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። “አገር ቤት ያለው አይቆጠርም” የሚለው ፍጹም ሐሰት ነው። የመጀመሪያ ቤት ገዢ ማለት በዓለም ላይ በየትኛውም አገር የመኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ማለት ነው። አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችሁ ይቆጠራል። ባሕር ዳር ከእህት ከወንድም ጋር የወረሳችሁት የአባት ቤት ድርሻም ይቆጠራል። ከዚህ በፊት ሸጣችሁት ቢሆን እንኳ “ኖሮኝ አያውቅም” ማለት አትችሉም። አብራችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁላችሁም የመጀመሪያ ገዢ መሆን አለባችሁ፤ አንዳችሁ ካልሆናችሁ ቅናሹ ለሁላችሁም ይቀራል።

የ5 በመቶው ጭማሪ መለኪያው ትንሽ ይለያል። ውጭ አገር ያለው ቤት የእናንተ ድርሻ 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲያወጣ ነው ጭማሪው የሚመጣው። ብር ከወረደ ወዲህ ስንቱ ኮንዶሚኒየም ከዚህ በታች እንደሚሆን አስቡት! የወረሳችሁት ድርሻ ከ50 በመቶ ካልበለጠና ውርሱ ሦስት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ለጭማሪው አይቆጠርም። አያችሁ? እውነቱን የተናገረ ሰው 30 ሺህ ሳይሆን 10 ሺህ የሚከፍልበት ሕጋዊ መንገድ አለ። የትናንቱ ደንበኛዬም አገር ቤት ያለው የቤተሰብ ቤት ድርሻው ተገምቶ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት በጭንቀት ባላደረ ነበር። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ 30 ሺህ የተጻፈው “ሌላ ቤት አለ” ብቻ ብሎ ፎርም ስለሞላ፣ ስንት እንደሚያወጣም የጠየቀው ስላልነበረ ነው። ይህ የእኛ የሙያ ሰዎች ጥፋት ነው፤ አልሸፍነውም።

ባለትዳሮችም አስተውሉ። አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቤቱን አንዳችሁ ብቻ በስማችሁ ብትገዙም የሌላኛው ቤት ለጭማሪው ይቆጠራል። “በሚስቴ ስም ብቻ እንግዛው” የሚለው ዘዴ አይሠራም።

“ማን ያጣራል?” ለሚሉ ደግሞ፦ ግብር ሰብሳቢው ኤች ኤም አር ሲ በተራ ጉዳይ 4 ዓመት፣ በቸልተኝነት 6 ዓመት፣ ሆን ተብሎ ሲዋሽ እስከ 20 ዓመት ወደኋላ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ልዩነቱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚከፍለው ያ ድምፅ የቀዳው ሰው አይደለም፤ ፎርሙ እውነት ነው ብላችሁ ያረጋገጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለ ሽያጭ ብዙ አልልም። ሻጭ ስታምፕ ዱቲ አይከፍልም። የጠበቃውን ክፍያ፣ የቤት አሻሻጩን ኤጀንት ኮሚሽን፣ ሊዝሆልድ ከሆነ ደግሞ ሕንጻውን ከሚያስተዳድረው ድርጅት የሚወጣውን የመረጃ ጥቅል ይከፍላል። ይህ ጥቅል በጥቂት መቶ ፓውንድ የሚሸጥ ሲሆን አንዳንዱ አስተዳዳሪ ሳምንታት ያስጠብቃል። ከእሱ ሌላ የሚሰጥ ስለሌለ መለመን ብቻ ነው። ካውንስሎቹም ያው ናቸው፤ አንዱ በሳምንት የሚሰጠውን ሰርች ሌላው ከወር በላይ ያቆየዋል። ደንበኛው “ጠበቃዬ ተኝቷል” ይላል። እኔ እኮ በየቀኑ እየደወልኩ ነው!

ስለ ርካሽ ዋጋ ደግሞ ይህን ልበል። “ከ499 ፓውንድ ጀምሮ” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሁለተኛውን ገጽ ክፈቱ። ሊዝሆልድ ነው፣ ጨምር። ሞርጌጅ አለ፣ ጨምር። ከቤተሰብ የተሰጠ ዲፖዚት ነው፣ ጨምር። የስታምፕ ዱቲ ፎርም መሙያ፣ ጨምር። ኤች ኤም አር ሲ ፎርሙን የሚቀበለው በነፃ ነው! ሥራው የጠበቃው ስለሆነ ቢያስከፍል አልቃወምም፤ ነገር ግን በራሱ ክፍያ ውስጥ ይግባ እንጂ ለሌላ የሚከፈል አስመስሎ ከታች አይደብቀው። ኤጀንቱ “የእኛን ሶሊሲተር ውሰዱ” ሲላችሁም ደንበኛ በመላኩ ገንዘብ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁት። መቀበሉ ሕገወጥ አይደለም፤ ግን ሊነግራችሁ ይገባል፣ እናንተም የመረጣችሁትን ጠበቃ መያዝ መብታችሁ ነው። ሁሌም “ምንም ነገር ሳይቀር፣ ከነቫቱ፣ ጠቅላላው ስንት ነው? ግዢው ቢፈርስስ ስንት እከፍላለሁ?” በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዕቁብን ሳላነሳ አልሄድም። በ2017 በወጣው የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ መሠረት የገንዘባችሁን ምንጭ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የዕቁባቸውን ደብተር ገጽ ፎቶኮፒ አምጥተውልኝ ነበር፤ በእጅ የተጻፉ ስሞች፣ ከየስሙ ፊት በቀይ እስክሪብቶ የተደረገ ምልክት። ከቢሮው ሁሉ ማንበብ የቻልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አለቆቼ በአንድ ሳምንት ከሰባት ሰው ወደ እናትየዋ ሂሳብ የገባውን ገንዘብ አይተው ጉዳዩን ለሦስት ሳምንት አቆሙት። ስንት ዓመት የኖርንበት ማኅበራዊ ቁጠባ እንደ ወንጀል ሲታይ ያናድደኛል፤ ባንኮቹም የጠበቃ ቢሮዎቹም ዕቁብ ምን እንደሆነ ለሠራተኞቻቸው ሊያስተምሩ ይገባል። እስከዚያው ድረስ ግን እናንተ ዕቁባችሁን በባንክ ክፈሉ፣ በባንክ ተቀበሉ፣ ከሰብሳቢው የተፈረመ ደብዳቤ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ አትምጡብን።

ሁለት ነገር ልጨምር። በኢሜይል “የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል” የሚል ከጠበቃችሁ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቀድሞ በያዛችሁት የቢሮው ስልክ ቁጥር ደውሉ። በክፍያ ቅር ከተሰኛችሁ መጀመሪያ ለቢሮው በጽሑፍ አቤት በሉ፤ በስምንት ሳምንት ካልፈታላችሁ የሕግ አገልግሎት ቅሬታ ሰሚው ሊጋል ኦምቡድስማን በነፃ ያየዋል።

ጠበቃ ስትይዙ በመጀመሪያው ቀን፣ የዋጋ ዝርዝሩ ሳይወጣ፣ በየትኛውም አገር በስማችሁ ያለ፣ የነበረ ወይም የወረሳችሁት ቤት ካለ ንገሩት፤ ግምቱንም አምጡ። ያንን የድምፅ መልእክት ያስተላለፋችሁም እባካችሁ ከየግሩፑ አጥፉት፤ ለላካችሁለት ሰው ደግሞ ይህን ላኩለት።