ዝናው ከመድረክ፣ እንጀራው ከሱቅ

ማሕሙድ አህመድ ጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ የ83 ዓመት አዛውንት ነበር። መርካቶ ተወልዶ በሊስትሮነት ያደገ ልጅ ከስድሳ ዓመት በላይ በመድረክ መቆየቱ በድምፁ ማማር ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ዝና የሚገኝበት መንገድ ሌላ፣ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ሌላ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው ብቻ ሄደው ቀርተዋል፤ ማሕሙድ ሁለተኛውንም አግኝቶታል።

ትምህርት አልሆንልህ ሲለው አሪዞና በተባለ የምሽት ክበብ የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽ ደመወዝተኛ ነው፤ ነፃነቱን የሚያገኘው ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። የክቡር ዘበኛ ልጆችም ማታ ማታ አሪዞና ብቅ ይሉ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ገደማ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር፣ ማሕሙድ እኔ ልሞክር አለ። ሞከረ፤ ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሆነ፤ እስከ አብዮቱም እዚያው ቆየ።

ሰውን የያዘው በምንድን ነው ቢባል ትዝታውን መስማት ይበቃል። ማሕሙድ ቃሉን ቶሎ አይለቀውም። የስንኙን መጨረሻ ይዞ ያንቆረቁራል፣ ያርገበግባል፣ ያለቀ ሲመስል መልሶ ያነሳዋል። ባንዱ ከሥር ያችኑ ዙር ሳይቸኩል ይደጋግማል፤ እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል። ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ ትዝታ አለው፤ አድማጭ ግን ረዘመብኝ አይልም። ያው ሰው ደግሞ ምቱ ሲፈጥን መድረኩ ላይ ጉራግኛ ይጨፍራል።

ገንዘቡስ? ከ1940 ጀምሮ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምሃ እሸቴ ያንን ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ አወጣ፤ አሊ አብደላ ኬይፋን የመሰሉ ነጋዴዎችም ተከተሉት። ማሕሙድ የመጀመሪያ ሸክላውን በ1963 ከቬነስ ባንድ ጋር ሠራ፤ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀረጸው «እረ መላ መላ» የኬይፋ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሙዚቃ ቤቶች በአብዛኛው ሥራውን የሚገዙት በአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር። ከዚያ በኋላ ሺህ ኮፒ ቢሸጥም አሥር ሺህ፣ ለዘፋኙ ለውጥ የለውም። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ አባዢ ሆነ።

ማሕሙድ መላ የመታው እዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ዘመኑ ለምሽት ሥራ የከፋ ነበር። አብዮቱን ተከትሎ የመጣው ሰዓት እላፊ ክበቦቹን አድርቋቸዋል፤ አምሃ እሸቴ አሜሪካ ገብቷል፤ ከተሰደዱት ባልደረቦችም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሱቅ ያለው ዘፋኝ ግን መድረክ ቢዘጋበትም ገበያ አለው፤ የሚፈለገውን ዘፈን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀውም ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ነው።

ውጭ ያለው ዝና የመጣው በሁለት በር ነው። አንደኛው የስደተኛው ወገን ነው፤ በ1973 ዓ.ም. ገደማ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካን ዞሯል፣ አገሩ የናፈቀው ሐበሻም አዳራሹን ሞልቶ ተቀብሎታል። ሁለተኛው የፈረንጁ አድማጭ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 «እረ መላ መላ» ቤልጅየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ስሙን ከዳር እስከ ዳር አደረሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። አውሮፓውያን እንደ አዲስ ግኝት ያጨበጨቡለት ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ከአሥር ዓመት በፊት የተሰማ ነበር።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ማሕሙድ በዚያን ጊዜ ስድሳ አልፎታል፤ ታላላቅ ሥራዎቹ ከተሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። የሮያሊቲ ክፍያ አሰባሰብን መልክ የሚያስይዘው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ የመጣው ደግሞ በ2007 ነው። ስለዚህ የእሱን ስኬት እያነሱ «ጎበዝ ዘፋኝ ይከብራል» ማለት አጉል ማጽናኛ ነው። ማሕሙድ የከበረው ጉሮሮውም፣ የንግድ ዓይኑም፣ ጤናውም፣ ዕድሉም አንድ ላይ ስለገጠሙለት ነው። ለዘፈኑ ግጥም የጻፈው፣ ዜማ የደረሰውና ሳክስፎን የነፋው ሱቅ አልነበራቸውም፤ የሥራቸው ዋጋ በሕግ እንጂ በሱቅ ሊጠበቅ አይችልም። የአንድ ሰው ብልሃት ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሙያው ግን አይበቃም።