ክረምትና የሎሽን ዕቃ

በሀዋታና በራሃድ ወንዝ ዳርቻ ኸሪፍ ሲገባ የሎሽን ሽታ ይለወጣል፣ ውሃው ከቅባቱ ይለያል፣ ከክዳኑ ሥር ሻጋታ ይታያል። ብዙዎቻችን በሙቀቱ እናሳብባለን። ሙቀቱም ድርሻ አለው፤ ዋናዎቹ አጥፊዎች ግን ውሃና ጣት ናቸው።

ሎሽን የውሃና የዘይት ድብልቅ ነው፤ ውሃ ባለበት ደግሞ ጀርም ይራባል። ፋብሪካው ይህን የሚከላከል ኬሚካል ይጨምርበታል፤ ሆኖም አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጣት በየቀኑ ሲገባ መከላከያው እየተሸነፈ ይሄዳል። ስለዚህ ለሎሽን ፓምፕ ያለው ጠርሙስ ወይም ተጨምቆ የሚወጣ ቱቦ ይሻላል። ቫዝሊን ግን ውሃ ስለሌለው በንጹሕ እጅ እስከተነካ ድረስ ክፍት ዕቃው ብዙም አያሰጋም።

ፓምፕም እንከን አለው። አፍንጫው ላይ የሚቀረው ቅባት በእርጥበት ስለሚበላሽ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጠርሙሱም ከመታጠቢያ ቦታ ይራቅ። ሎሽኑ ሊያልቅ ሲል ውሃ ጨምሮ መበጥበጥ የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ይኸው ነው፣ መከላከያውን ያቀጥነዋልና። ባዶ ጠርሙስ ከገበያ በተቀዳ ሎሽን ከተሞላ ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈው ስለ ውስጡ ምንም አይነግረንም።

በሱዳን መዋቢያዎችን የሚመዘግበው ብሔራዊ የመድኃኒትና መርዝ ቦርድ ነው፤ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን ይመለከታል። ሲገዙ የአምራቹን ስም፣ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝርና የአገልግሎት ማብቂያውን ይፈልጉ። በተከፈተ ዕቃ ሥዕል ላይ 12 ቁጥርና «ኤም» ፊደል ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ይህ ግን ለቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ እንጂ ለድንኳን የታሰበ አይደለም።

ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ጉዳይ የተለየ ነው። ሜርኩሪ ያለበትን ክሬም ምንም ዓይነት ፓምፕ ደኅና አያደርገውም። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ በእጅና በፎጣ ለሌላው የቤተሰብ አባል ይደርሳል። የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 እንዲያበቁ ወስኖ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ይህ መጠን ተነሥቶ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀሩ አባል አገሮች ተስማሙ። «ካሎሜል» የሚል ቃል፣ ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ አይግዙት።

ቆዳዎ ከተቆጣ ወይም ካሳከከዎ መቀባቱን ያቁሙና ዕቃውን ከነክዳኑና ከነወረቀቱ ይዘው ወደ ክሊኒክ ይምጡ።