በያይነቱ

በያይነቱ በአንድ እንጀራ ላይ ልዩ ልዩ ወጦችና አትክልቶች በትንሽ በትንሹ ተደርገው የሚቀርቡበት የኢትዮጵያ ምግብ ነው። ስሙ «በየዓይነቱ» ከሚለው የመጣ ነው። ሌላ ቃል ሳይጨመር «በያይነቱ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የጾሙ ነው። የፍስክ በያይነቱም አለ፤ የጾምና የፍስክ ወጦች በአንድነት ሲቀርቡ በብዙ ምግብ ቤቶች «ማኅበራዊ» ይባላል።

ይዘት

የጾም በያይነቱ ዋና ዋና ክፍሎች ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ከድንችና ካሮት ጋር፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያና የቲማቲም ሰላጣ ናቸው። እንደ ቤቱ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት ወይም ስንግ ቃሪያ ይጨመራል። ቀዩ ወጥ በበርበሬ፣ አልጫው በእርድ ይሠራል፤ በቅቤ ፈንታ ዘይት ይገባል።

ጾምና በያይነቱ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሆነው ዐቢይ ጾም፣ 15 ቀን የሆነው ፍልሰታና ሌሎችም አጽዋማት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይበላባቸው ናቸው። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ምግብ ቤት የጾሙን ድስትና ጭልፋ ከፍስኩ ይለያል፤ ቅቤ የነካው ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ከገባ ሽሮው ለጿሚው አይሆንም። በዓሣ ላይ ግን አንድ ዓይነት ልማድ የለም፤ በጾም የሚበላም የማይበላም አለ።

ምግቡ ለማይጾመውም ይጠቅማል። በልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም። የጾም በያይነቱ ሥጋ ስለሌለው የሁለቱ ሃይማኖት ተከታዮች ከአንድ ትሪ አብረው ሊበሉት ይችላሉ።

በመንገድ ዳር ከተሞች

ወለንጪቲ በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሸዋ ዞን የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ ወደ መተሐራ፣ አዋሽና ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው እንዲሁም የአውቶቡስ መንገደኞች ይመላለሳሉ፤ ሃይማኖታቸውም የተለያየ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፣ የሚቆየውም ለጥቂት ጊዜ ነው። ጥብስ ከታዘዘ በኋላ ይጠበሳል፤ ተጋቢኖም በየሸክላው ለየብቻው ይንተከተካል። የበያይነቱ ወጦች ግን ጠዋት ተሠርተው ይቆያሉ። «አንድ በያይነቱ!» ሲባል እንጀራ ይዘረጋል፣ ከየድስቱ ይጨለፋል፣ ትሪው ይወጣል። ከድስቶቹ አንዱ ቢያልቅም በሌላው ይተካል እንጂ ምግቡ አልቋል አይባልም። ሁለት ሰዎች አንዱን ተካፍለው ተጨማሪ እንጀራ ማዘዛቸውም የተለመደ ነው።

አበላል

በላተኛው እጁን ታጥቦ በቀኝ እጁ ይበላል። አብረው የሚበሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ይቆርሳሉ፤ እጅን ወደ ሌላው ፊት መስደድ ነውር ነው። ከሌላው ፊት ያለውን ወጥ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ አጠገቡ ያለው ራሱ ያቀርብለታል ወይም ያጎርሰዋል። በመሃል ለመጣ ሰው «እንብላ» ይባላል።

ከታፓስ ጋር ሲነጻጸር

በያይነቱ አንዳንዴ ከስፔን ታፓስ ጋር ይነጻጸራል። ታፓስ ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ አነስተኛ ምግብ ሲሆን፣ ስሙ «መክደን» ከሚል የስፔንኛ ግስ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱም ብዙ ጣዕም በትንሽ በትንሹ ያቀርባሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ታፓስ በየሳህኑ አንድ በአንድ ይታዘዛል፤ በላተኛው ብዙ ጊዜ በባንኮኒ ዳር ቆሞ ቀምሶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። በያይነቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዋጋ ያቀርባል፤ እንጀራው ሳህንም ማንኪያም ስለሆነ የወጦቹን መረቅ እንደጠጣ መጨረሻ ላይ እርሱም ይበላል።