ስለ ልጆች የቪዲዮ ጨዋታና ስለ ፈረስ ስም

የሰው ጠባይ በሥራው ይታወቃል ይባላል፤ ነገር ግን ከሥራው ይልቅ በጨዋታው የሚገለጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰው በሥራ ላይ ሲሆን አለቃውን ይፈራል፥ ደመወዙን ያስባል፥ ቃሉን ይመጥናል። በጨዋታ ላይ ሲሆን ግን ትዕግሥቱም ቍጣውም፥ ብልሃቱም ተንኰሉም ሳያስበው ይወጣል። ስለዚህ የልጁን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ወላጅ የልጁን ጨዋታ አስተውሎ ቢመለከት ብዙ ነገር ያገኛል።

በዛሬው ዘመን በቤተ ሰብ መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ፥ ልጆች በስልክና በቴሌቪዥን መስታወት ላይ የሚጫወቱት፥ እነርሱም ጌም የሚሉት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። አንዳንዱ አባት የጊዜ ሌባ ነው ብሎ ያወግዘዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ዝም ብሎ መቀመጡን ብቻ አይቶ፥ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ይተወዋል። እኛ በቱም ከተማ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የምንገኝ ስንሆን፥ የልጆች ወላጅም ስለ ሆንን ይህን ነገር ቀረብ ብለን ተመልክተነዋል። ያየነውንና ያሰብነውንም ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን።

የአባቶቻችን ጨዋታ

ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እረኛ ከከብቱ ኋላ ተቀምጦ፥ በመሬት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ተርታ ጕድጓድ ምሶ፥ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ይጫወታል። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻው ጠጠር ከየትኛው ጕድጓድ እንደሚወድቅ በልቡ መቍጠር ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ እርሳስ ነክቶ የማያውቅ እረኛ ሳያስበው የሒሳብ ተማሪ ሆኖ ይውላል። የታሪክ ሊቅ የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚገኙት የገበጣ ዐይነቶች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከዚያም የምንረዳው አንዱ ጨዋታ እንደየአገሩ ሕጉና ስሙ እጅግ የተለያየ መሆኑን ነው።

የመኳንንቱ ጨዋታ ደግሞ ሰንጠረዥ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የመጡ እንግሊዞች ጽፈዋል። ሰንጠረዥ ከፈረንጆች ቼዝ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ፤ ይኸውም ጨዋታው ሲዠመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ተራ መጠባበቅ የሚዠመረው የመዠመሪያው ምርኮ ከተያዘ በኋላ ነው። ይህንም የመሰላለፍ ጊዜ ወረራ ይሉታል። ከዚህም በላይ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በኀይለኞቹ ከተገኘ ድል ይልቅ በታናናሾቹ እግረኞች የተገኘ ድል ተጫዋቹን ያስመሰግነው ነበር። ድሉ ብቻ ሳይሆን የድሉ ውበትም ይቈጠር ነበረና።

የገናም ጨዋታ እንደዚሁ ነው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ ተደባልቀው ሲራወጡ፥ ተመታሁ ብሎ መቈጣት ነውር ነበር። በጎረቤታችን በሱሪ አገርም ጐልማሶች ዘንግ ይዘው ዶንጋ ሲጋጠሙ፥ ምንም ጨዋታው ብርቱ ቢሆን ተጋጣሚን መግደል ክልክል ነው።

ከነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ጨዋታ ሕግ አለው። ሁለተኛ፥ ጨዋታ ለተጫዋቹ የራሱን ብልሃት የሚያሳይበት ስፍራ ይሰጠዋል። ሦስተኛ፥ ጨዋታ አይቶ የሚያደንቅና የሚገሥጽ ተመልካች አለው። አዲሱንም ጨዋታ በነዚህ በሦስቱ ልንመዝነው ይገባል።

አዲሱ ጨዋታ

የቪዲዮ ጨዋታ እንደሚመስለን የትናንት ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ወጣቶች ስፔስዋር የተባለውን የጠፈር መርከቦች ውጊያ በኮምፒዩተር ላይ ሠሩ። በ1972 ፖንግ የተባለው ጨዋታ ወጣ፤ በ1984 ደግሞ በሞስኮ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለው ሰው፥ የሚወርዱትን ቅርጾች እያገጣጠሙ የሚደረድሩበትን ቴትሪስን ፈለሰፈ።

ወደ ከተሞቻችንም በገባ ጊዜ ከጆተኒና ከከረንቡላ አጠገብ ስፍራ አገኘ። በሚዛንና በቴፒ ፕሌይስቴሽን ቤት ከሚባለው ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች መጫወቻውን ይዘው በመስታወት ላይ ኳስ ሲጋጠሙ፥ ሌሎች ከኋላቸው ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ የተሸነፈው ይነሣል፥ ያሸነፈው ይቈያል። በዚህ ክፍል ውስጥ ሕግም ተመልካችም አለ። የሚያሳዝነው ግን፥ ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚከፍለው ገንዘብ ከወዴት እንደ መጣና ስንት ሰዓት እንደ ቈየ የሚጠይቅ ታላቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

የአገራችንም ልጆች ተጫዋች ብቻ ሆነው አልቀሩም። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት፥ አንዲት ዶሮ ወጥ ከመሆን ለማምለጥ የምትሮጥበትን ኩኩሉ የሚባለውን ጨዋታ ሠርቷል፤ ጥንታዊውንም ገበጣ በስልክ ላይ እንዲጫወቱት አድርጎ አውጥቷል። ድርጅቱ ቅኔ የሚለውን ስም መምረጡ ደስ አሰኝቶናል። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፥ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አያስከብርም፤ ተማሪው ለየዕለቱ አዲስ ይቈጥራል፥ መምህሩ ያርመዋል፥ ባልንጀሮቹም ያደምጡታል። ፈጠራ ማለት ይህ ነው።

በቤታችን ያየነው

የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አጎቷ ከሚዛን ባመጣላት ስልክ ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ትጫወታለች። ይህ ጨዋታ በስዊድን አገር ተዠምሮ በ2011 በሙሉ የወጣ ነው፤ በ2014 ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የጨዋታውን ባለቤት በ2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገዝቶታል፤ በ2023 ደግሞ ከ300 ሚሊዮን ቅጅ በላይ እንደ ተሸጠ ተነግሯል። ተጫዋቹ በጡብ መልክ የተሠራ ዓለም ይሰጠዋል፤ በዚያም ውስጥ እየቈፈረና እየካበ የወደደውን ይሠራል። ምን እንደሚሠራ የሚነግረው የለም።

ልጃችን የሠራችው የአያቷን ቤት ነው። የአያቷ ቤት ክብ ሲሆን የጨዋታው ጡብ ሁሉ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ ብዙ ምሽት ተቸገረች። በኋላ ግን እንደ ገበጣ ጠጠር ጡቦቹን እየቈጠረች፥ ከሩቅ ሲያዩት ክብ የሚመስል ግድግዳ አቆመች። ጣራውን ለመሥራት ወደ አያቷ ሄዳ ማገሩ እንዴት እንደሚታሰርና ምሰሶው ለምን ከመካከል እንደሚቆም ጠየቀች፤ አያቷም ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ሲያስረዱ አመሹ። በቤቱ ዙሪያ ቡና ለመትከል ባሰበች ጊዜም አስቀድማ ታላላቅ ዛፎች ተከለች። የአክስቷ ልጅ «ቡናውን ለምን አታስቀድሚም?» ቢላት፥ «ጥላ ከሌለው ይቃጠላል» ብላ መለሰችለት። ይህን ዕውቀት ስልኩ አልሰጣትም፤ በጫካ ጥላ ሥር ቡና ከሚበቅልበት ከአገሯ ያገኘችው ነው። ስልኩ የሰጣት የምታሳይበትን ስፍራ ብቻ ነው።

እናቷ ግን ሌላውን ወገን ታይ ነበር፤ ያየችውም እውነት ነው። ውኃው ሳይቀዳ ይመሻል፥ የ8ኛ ክፍል ፈተና ቀርቧል፥ ልጅቱም ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና መስታወቱን ስታይ ተገኝታለች። ስለዚህ እናቷ ስልኩ ለአጎቷ ይመለስ አለች፤ ልጅቱም አለቀሰች። በዚያ ምሽት ዳኝነቱ በእኛ ላይ ወደቀ።

እኛም እንደ ሙያችን ነገሩ በጽሑፍ እንዲሆን አደረግን። ጨዋታው ከሥራና ከጥናት በኋላ እንዲሆን፥ ሰዓቱም የተወሰነ እንዲሆን፥ ሌሊት ስልኩ በእናቷ ሣጥን እንዲያድር ጽፈን አነበብንላቸው። ልጅቱ ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርላት ለመነች። ተጨማሪ ሰዓት የምትጠይቅ መስሎን ነበር። እርሷ ግን «በየእሑዱ አባቴና እናቴ የሠራሁትን ይዩልኝ» አለች። እናቷ ይህን በሰማች ጊዜ ብዙ ዝም አለች፤ ቀጥሎም ፈረመች።

ይህ ቃል ብዙ አሳሰበን። የልጅ ፈጠራ ተመልካች ይፈልጋል። ተመልካቹን በቤቱ ካላገኘ በውጭ ይፈልገዋል፤ በውጭ ያለው ተመልካች ማን እንደ ሆነ ግን ልጁም ወላጁም አያውቁትም።

ስለ ፈረስ ስም

ልጆች ሥራቸውንና ሐሳባቸውን በኢንተርኔት ለዓለም ሲያሳዩ በአብዛኛው በራሳቸው ስም አይደለም፤ ሌላ ስም ያወጣሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማታለል ይቈጥረዋል። ነገር ግን አባቶቻችንም ሌላ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም ሰው ሊሆን የሚመኘውን የሚናገርበት ስም ነው። ስለዚህ ልጅ ለራሱ ስም ማውጣቱ ብቻውን ነውር አይሆንም።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። አባ ነጋ ሲባል ራስ አሉላ መሆናቸውን ወዳጅም ጠላትም ያውቅ ነበር፤ የፈረስ ስም ፊትን አይሸፍንም ነበር። የዛሬው ስም ግን ፊትን ሊሸፍን ይችላል፤ ፊቱን የሸፈነ ሰውም በአደባባይ የማይናገረውን ስድብ በቀላሉ ይጽፋል። እኛ በመዝገብ መካከል ስንኖር የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፥ የተናገሩት ይረሳል፥ የተጻፈ ግን ይቈያል የሚለው ነው። በአገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸመውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋት ይቀጣል። ልጃችን ስም ልታወጣ በፈለገች ጊዜ የሰጠናት ምክር አጭር ነው፤ «በዚህ ስም የጻፍሽውን በችሎት ፊት ቢያነቡልሽ የማታፍሪበትን ብቻ ጻፊ»። ያወጣችውን ስም እዚህ አንገልጥም፤ የርሷ ነውና።

ደግሞ ሌላ የሚያስደስት ነገር አለ። ፊደላችን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ በብዙ ስልኮች ሊጻፍ ይችላል። ይህ ሳለ ብዙ ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፋቸው ያሳዝናል። የራሱ ፊደል ያለው ሰው ፊደል ሲበደር፥ ጎተራው ሙሉ ሳለ ከጎረቤት እህል የሚበደረውን ይመስላል።

ስለ ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ዠምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ሱስን አግብቶታል። ምልክቶቹም ሰውየው ጨዋታውን መግታት ሲያቅተው፥ ከሌላው ነገር ሁሉ ሲያስቀድመው፥ ጉዳት እያየም ሳይተወው ሲቀር ነው፤ ይህም በአብዛኛው ዐሥራ ሁለት ወር ያህል ሲቈይ ነው። እንግዲህ የሚጫወት ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ነገር ግን እንቅልፉን፥ ምግቡንና ባልንጀሮቹን የተወ ልጅ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባዋል።

ለወላጆች

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር በትሕትና እናቀርባለን።

1ኛ፥ ከመከልከል በፊት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታውን ማየት። ያላዩትን ነገር መፍረድ በችሎትም አይፈቀድም።

2ኛ፥ ሰዓት ብቻ የሚበላውን ጨዋታና ልጁ የሚሠራበትን ጨዋታ መለየት።

3ኛ፥ ሰዓቱን ከልጁ ጋራ ተስማምቶ መወሰን፥ ከተወሰነም በኋላ አለመለዋወጥ። አንድ የምናውቀው አባት በቍጣ ስልኩን ወስዶ ቢቈልፍበት፥ ልጁ ሌሊት ወደ ጨዋታ ቤት መሄድ ዠመረ።

4ኛ፥ ልጁ የቤቱን አድራሻ፥ የትምህርት ቤቱን ስምና ፎቶግራፉን ለማያውቀው ሰው እንዳይሰጥ ማስጠንቀቅ።

5ኛ፥ ልጁ የፈጠረው የርሱ መሆኑን፥ የሌላውም ሥራ የሌላው መሆኑን ማስተማር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰት፥ ለሥዕልና ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል።

የዲዚ፥ የሜኢኒትና የሱሪ አገር የብዙ ቋንቋና የብዙ ተረት አገር ነው። ይህን ሁሉ ከአያቶች አፍ ተቀብሎ በአዲስ ጥበብ የሚያሳይ ልጅ ከመካከላችን ሊነሣ ይችላል። እርሱን የሚያሳድገው ግን ስልኩ አይደለም፤ «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ» የሚለው አባትና ማገሩ እንዴት እንደሚታሰር የምትነግረው አያት ናቸው። ሕጉን እኛ እናውጣለት፥ ብልሃቱን ለርሱ እንተውለት፥ ተመልካቾቹ ግን አስቀድመን እኛው እንሁን።